የስምንት ሰዓቱ ሴረም

ከስሜ፣ ከአድራሻዬና ከፊርማዬ ሌላ በሕይወቴ ጽፌ የማውቀው ነገር ቢኖር በነጭ ፕላስተር ላይ ሰዓት ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቁሜያለሁ። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋብኛል፤ ወረቀት ፊትም ያው ይሆናል ብዬ ብዕር አንስቼ አላውቅም። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት አንድ ቃል ሰምቼ ነው።

ባለፈው እሑድ እዚህ አሜሪካ፣ ሆፕኪንስ ባለው አፓርታማችን ምድር ቤት ልብስ ላጥብ ወረድኩ። ሁለት ጎረቤቶቻችን ማስካቸውን አገጫቸው ሥር አውርደው ማድረቂያው ፊት ተቀምጠው ስለ ክትባት ያወራሉ። አንዷ፣ ታምሜ ስለተነሳሁ የኔ አንቲቦዲ ብዙ ነው አለች፤ ጓሮዋ ስላበቀለችው ጎመን የምታወራ ነበር የምትመስለው። ሌላዋ የኔ እንኳ ሳያልቅ አይቀርም አለቻት። እኔ ቅርጫቴን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የበረኪናውና የትኩስ እንፋሎቱ ሽታ ከቃሉ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ኋላ ወሰደኝ። በኔ ጊዜ መንትያ በሚባሉት በእነዚህ ሁለት ከተሞች ውስጥ ይህን ቃል በቀን በቀን ሲሉት የማውቀው ሁለት ሰዎችን ብቻ ነበር። ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን የምለው በልቤ ነው።

በኔ ጊዜ ስል በዕድሜ የገፋሁ ሴት እንዳይመስላችሁ፤ ገና ሠላሳን በቅጡ አልያዝኩም። ግን ከማስክ በፊት የነበረው ጊዜ ከኔ ዕድሜ የሚበልጥ ይመስለኛል። ሰው ሲያስል ማንም ዞር ብሎ አያይም ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን እናንቀላፋ ነበር።

ያኔም እንደዛሬው ከእህቴ ከአያንቱ ጋር ነበር የምኖረው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ እናወራለን፤ ልጇ ሲፈን ግን በኦሮምኛም ጠየቅናት በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ጠዋት ሲፈን ሳትነሳ እወጣና በሁለት አውቶቡስ ሴንት ፖል እሄዳለሁ። ለሁለቱም የሚከፈለው አንዴ ነው፤ ሁለት ዶላር ከሳንቲም። ከአሮጌ ልብስ መደብር በሰባት ዶላር የገዛኋት ወይን ጠጅ ካፖርት ነበረችኝ፤ ከአራቱ ቁልፎቿ አንዱ ከሌላ ልብስ የመጣ ነው። ሁለተኛውን አውቶቡስ የምጠብቅበት ማዕዘን ላይ የልብስ ንጽሕና ቤት አለ። ከግድግዳው ከወጣው ቱቦ ሞቅ ያለ አየር ይነፍሳል፤ በበረዶው ወራት የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እዚያ ቱቦ ሥር እንደ በግ ተጠጋግቶ ይቆማል። አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ሳንቡሳ በፎይል ጠቅልለው ይሸጡ ነበር፤ አንዷ በአንድ ዶላር። እኔ አልበላትም፤ ሁለቱን መዳፎቼን አሞቅባትና ሥራ ስደርስ ለባልደረባዬ ለጋሽ ክፍሎም እሰጣቸዋለሁ። እሳቸው ለሁለት ይከፍሏትና ትልቁን ግማሽ መልሰው ለኔ ይሰጡኛል። ንጽሕና ቤቱ ዛሬ የስልክ መሸጫ ሆኗል፤ ቱቦውም በቆርቆሮ ተደፍኗል።

ሥራዬ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃ ማጠብ ነበር። የላሞች በረት ቅርብ ስለሆነ ነፋሱ ሲዞር እበት ይሸታል፤ እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ጀርባ እንዲሁ ይሸታል። የላከኝ የሥራ ኤጀንሲ ነው፤ ጊዜያዊ ነኝ፤ ሰመሩ፣ የሙቀቱ ወራት፣ ካለፈ በኋላ ቋሚ ትሆኛለሽ ተብዬ ነበር። ጠርሙሱንና ሳህኑን አጥቤ ኦቶክሌቭ የሚባለው ትልቅ የእንፋሎት ማሽን ውስጥ እከታለሁ። ሲከፈት የሾርባና የበረኪና ሽታ አብሮ ይወጣል፤ የዚያ ክፍል መስኮት በሰመርም በዊንተርም ላብ በላብ ነው።

ጋሽ ክፍሎም የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ነበሩ። ኤርትራዊ ናቸው፤ በልጅነታቸው የተማሩት በአማርኛ ስለሆነ አማርኛቸው ከኔ የጠራ ነው፤ ዓይን ሲሉ ብቻ ቃሉ ከጉሮሯቸው ይወጣል። ሠላሳ ዓመት ከዚያች ክፍል አልወጡም። ከነጩ ጋዋናቸው ሥር ቡናማ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ክራቫት አይጠፋም። በረዶ ውስጥ በቡት ጫማ ይመጡና በር ላይ አውልቀው የተወለወለ ጥቁር ጫማ ያደርጋሉ። እኔን ጓለይ ነው የሚሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ማታ አሮጌ ቶዮታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ወደ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ሲሄዱ እስከ አውቶቡሱ ያደርሱኛል፤ ካሴት ማጫወቻው አንዲት በክራር የምትዘፍን ሴት ነበረችው፤ ሁልጊዜ እሷው ናት። ዘፈኑ ምን እንደሚል ልጠይቃቸው ስንቴ አስቤ ተውኩት። እኔ እንዲህ ነኝ። ቃሉ አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ኢንግሪድ ትባላለች፤ ረጅም፣ ፀጉሯ ነጭ፣ ስትስቅ ድምፅ የማታወጣ ሴት። የምታጠናው ላሞችን የሚያከሳ አንድ ባክቴሪያ ነው፤ ስሙን ዛሬም በትክክል መጥራት አልችልም። ጋሽ ክፍሎም የሳንባ ነቀርሳ የሩቅ ዘመድ ነው ያሉኝ ቀን ጠርሙሱ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ምክንያት ነበረኝ። ወደዚህ አገር እንደመጣሁ ክሊኒክ ደሜን መርምረው ፖዘቲቭ ነሽ አሉኝ። በኛ ዘንድ ፖዘቲቭ ማለት አንድ በሽታ ብቻ ነው። ለእህቴ እንኳ ሳልነግር ሦስት ቀን አለቀስኩ። በአራተኛው ቀን አስተርጓሚ ደውላ፣ የተኛ ቲቢ ነው፣ ሌላ ነገር የለብሽም፣ ለሰውም አይተላለፍም ብላ አስረዳችኝ። አራት ወር ሽንት የሚያቀላ ክኒን ዋጥኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ውስጤ የሆነ ነገር አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያዳምጠኝ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ጠየቅኩ። በዚያ ቤት ከአፌ የወጣ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ደማችን ጠባቂ አለው አይደል፣ ታዲያ ለምን አይነቅለውም አልኳቸው። ጋሽ ክፍሎም ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ስለነበር ከተማው የመንገዱን አንድ ወገን ባዶ አድርጉ ብሎ አውጇል፤ ያልሰማ መኪና እየተጎተተ ነው።

"ያን ሰውዬ ታዪዋለሽ? መስታወት ላይ የቅጣት ቲኬት የሚለጥፈውን? እሱ አንቲቦዲ ነው። መኪናውን አይነካም፣ ምልክት ብቻ ነው የሚያደርግበት። ከኋላው የሚመጣው ጎታች ደግሞ ኮምፕሌመንት ነው፤ እኔ አሟይ ነው የምለው። አንዱ ይለጥፋል፣ አንዱ ይጎትታል።"

"ሰው ቤቱ፣ ጋራዥ ውስጥ ያስገባውንስ?" አልኩ።

ጋሽ ክፍሎም እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየሁም። የቤቱ ሁሉ ጥያቄ እሱ ነው አሉኝ። የዚህ ባክቴሪያ ጋራዡ ሌላ አይደለም፤ ጀርምን በልተው እንዲገድሉ የተፈጠሩት በላተኛ ሴሎቻችን ራሳቸው ናቸው። ሊበሉት ሲሉ ገብቶ ይኖርባቸዋል። መጽሐፉ፣ ጋራዥ ለገባ መኪና ቲኬት ለጣፊ ምን ይፈይዳል ይላል። ዶክተር ኢንግሪድ ደግሞ የትኛውም መኪና ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ አይቀመጥም ባይ ናት። ጋራዡ ሲያረጅ ይፈርሳል፤ መኪናው ወደ ሌላ ለመዛወር መንገድ ላይ ይወጣል፤ ቲኬት የሚለጠፍበት ያኔ ነው፤ ቲኬት የተለጠፈበትን ደግሞ የሚቀጥለው ጋራዥ ዝም ብሎ አያስተኛውም። ጎታቹ ግን አስቸጋሪ ነው አሉኝ። አንዳንዴ ይረዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ቲኬት የሌለበትን ሌባ ጎትቶ፣ ሌባው ሊገባ የተመኘው ጋራዥ ድረስ በክብር ያደርሰዋል። የትኛው ይበልጣል? ይህን ለማወቅ ነው ቤቱ የሚደክመው። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ዳር የቆሙትን መኪኖች አንድ በአንድ እያየሁ ሄድኩ። የተኛውም ነገር እንደበፊቱ አላስፈራኝም። ቢነሳም የሚያልፍበት መንገድ አለ ማለት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ደም ሲረጋ ከላዩ የሚጠልለው ቢጫ ውሃ ሴረም ይባላል፤ አንቲቦዲውም አሟዩም ያሉት እሱ ውስጥ ነው። አሟይ ሙቀት አይችልም። ሃምሳ ስድስት ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ካቆዩት ይሞታል፤ አንቲቦዲው ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የታመመችውን ላም ሴረም ለሁለት ከፍለው ግማሹን ያሞቁታል፣ ግማሹን ሳይሞቅ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡታል። ሁለቱን ለየብቻ ከባክቴሪያው ጋር ለበላተኛ ሴሎች ሰጥተው ስንቱ እንደሞተ ሲያዩ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአሟዩ ሥራ ነው። አንድ ነገር ደግመው ደጋግመው ነግረውኛል፦ አሟይን የሚገድለው እሳት ብቻ አይደለም፤ ከፍሪዘር ወጥቶ ሞቅ ያለ ቦታ ከዋለ በራሱ ጊዜ ይደክማል። ለመሥራት ጥቂት ሲቀር ነው የሚወጣው። ሴረሙ ባለበት በየትንሹ የመስታወት ቱቦ፣ በየቲዩቡ ላይ፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በፕላስተር እየጻፍኩ የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። የጽሑፍ ሥራዬ ያ ነው።

አሁን ወደ ሰመሩ ልምጣ። ያ ሰመር በኤርትራና በኢትዮጵያ መካከል መንገድ ተከፈተ የተባለበት ሰሞን ነው። ሽማግሌ የሚያህሉ ሰዎች ሱቅ ውስጥ ስልክ ይዘው ያለቅሱ ነበር። ጋሽ ክፍሎም ከሃያ ዓመት በላይ ያላዩአት ታናሽ እህታቸው ልትጠይቃቸው መጣች። የምትደርሰው ትልቁ ሙከራ በሚሠራበት ቀን ጠዋት ነበር። ኤርፖርት ሄደው ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ አሉ። እኔ ጠዋት ስገባ ፍሪዘሩ በር ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፈውልኛል። ሌላ ጊዜ የሚጽፉልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ግን ደስታው ነው መሰለኝ በአማርኛ ጽፈውታል፦ "ሌንሳ፣ በ8 ሰዓት ያልሞቀውን ሴረም አውጪልኝ፣ ይቅለጥ።" አሜሪካ ከመጣሁ ስሜን በፊደላችን የጻፈልኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የግድግዳው ሰዓት ስምንት ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ሥራ ቦታ በፈረንጅ ሰዓት፣ ቤት በሀበሻ ሰዓት እየኖርኩ ስለለመድኩ ያየሁት ቁጥሩን ነው። ግን ውሸት አልጽፍም፤ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ለምን በጠዋቱ አልኩ። ስልኬን አወጣሁ። እህታቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ ደውዬ ሰዓት ልጠይቅ? እኔ ማን ነኝ? ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ቲዩቦቹን አውጥቼ ቶሎ እንዲቀልጡ ከኦቶክሌቩ አጠገብ ሞቅ ያለው ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ፕላስተሩ ላይ 8:00 ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ክፍሎም ከሰዓት በኋላ እየሳቁ ገቡ፤ ቲዩቦቹ ቀልጠው ሲጠብቋቸው አይተው አመሰገኑኝ፤ ዶክተር ኢንግሪድም መጥታ ሥራው ተሠራ። ወረቀቷን አልጣልኳትም፤ ስሜ አለባት ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኳት።

ይህ ባክቴሪያ ሲበቅል አይቸኩልም። በሚያበቅሉበት ሳህን ላይ የምትታይ ነጥብ እስኪሆን ወራት ይወስዳል። ውጤቱ የታወቀው ቅጠል ሲቀላ ነው። የሞቀውም ያልሞቀውም ሴረም እኩል ሠርተዋል፤ በሁለቱም ብዙ ባክቴሪያ ሞቷል። ዶክተር ኢንግሪድ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ያን ቀን ሰማኋት። አንቲቦዲ ብቻውን ይበቃል፣ አሟይ ምንም አልጨመረም ማለት ነው። ለትልቅ ስብሰባ ጽፋ ላከችው። ከስሟ ቀጥሎም የጋሽ ክፍሎምን ስም አስገባች። ሠላሳ ዓመት የብዙ ሰው ሥራ በእጃቸው አልፏል፤ ስማቸው ግን አንድ ወረቀት ላይ ወጥቶ አያውቅም። በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው። ማታ መኪና ውስጥ ካሴቱን ዝቅ አድርገው፣ ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት አሉኝ፤ ስሜ አብሮ ይታተማል አልኳት፤ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች።

በማግስቱ ኬክ መጣ። የክፍሎም ስም በስኳር ሲጻፍ ሁለት ኤል ገብቶበታል፤ እሳቸው አንዱ ለጡረታዬ ነው አሉ። ከምሳ በኋላ ነበር። ኬኩን ሊቆርጡ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሉ የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ያዢልኝ አሉኝ። የቆዳ ማሰሪያው የላብና የሳሙና ሽታ ነበረው። አየሁት። ስምንት ሰዓት ይላል። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ሁለት ሰዓት ይላል። ቆሟል ብዬ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፤ ይሠራል። ጋሽ ክፍሎም ሠላሳ ዓመት አሜሪካ ሲኖሩ ሰዓታቸውን ወደ ፈረንጅ አዙረውት አያውቁም ማለት ነው። ፕላስተሩ ላይ የጻፍኩትን 8:00 ያነበቡትም በዚያው ሰዓት ነው።

ኬኬን በእጄ እንደያዝኩ ወደ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ። ስድስት ሰዓት። ያልሞቀው ሴረም ስድስት ሰዓት ሙሉ ከእንፋሎቱ ማሽን አጠገብ ውሏል። ያልሞቀ የሚባል ሴረም አልነበረም፤ ቢያንስ አሟዩ በሕይወት ያለ አልነበረም። ሁለቱ እኩል የሆኑት አሟይ ስለማይጠቅም ሳይሆን ሁለቱም ላይ ስለሌለ ነው።

አራት ቀን ዝም አልኩ። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ብናገር ቋሚነቱ ይቀርብኛል፤ እሱስ ይቅር፤ የጋሽ ክፍሎም ስም ሠላሳ ዓመት ጠብቆ ሊወጣ ሲል በኔ እጅ ሊሰረዝ ነው። ዝም ብል ደግሞ ዶክተር ኢንግሪድ ሐሰቱን ለዓለም ልታነብ ነው፤ ያን ያነበበ ሌላ ሰው በሱ ላይ ይገነባል። የተኛ ቲቢ የነበረባት ሴትም ትኖራለች፤ መድኃኒት የሚፈልጉላት በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርተው ቢሆንስ? አውቶቡስ ውስጥ ወረቀቷን እያወጣሁ አነባለሁ፤ ሌንሳ፣ በ8 ሰዓት። ከቱቦው ሥር ስቆም ሽማግሌው አሞሻል እንዴ አሉኝ። ሳንቡሳ መግዛት ረስቼ ነበር።

በአምስተኛው ቀን መኪና ውስጥ ነገርኳቸው። አውቶቡስ ማቆሚያው ደርሰናል፤ እኔ ግን አልወረድኩም። ወረቀቷን አውጥቼ ጭኔ ላይ ዘረጋኋት።

"ጋሽ ክፍሎም፣ ይሄ ስምንት ሰዓት በሀበሻ ነው በፈረንጅ?"

"ስምንት ሰዓት ስንት አለ?" አሉ እየሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩት፤ ሳቃቸው ቆመ። "መቼ ነው ያወጣሻቸው?"

"ጠዋት። ኦቶክሌቩ አጠገብ ነው ያስቀመጥኳቸው።"

ካሴቱን አጠፉት። ከኋላችን የቆመው አውቶቡስ ጥሩምባ ነፋብን፤ አልሰሙትም። መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ሲያብሱ ቆዩ። እኔ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ለማንም አትናገሪ፣ አንድ ቀን ስጪኝ አሉ። ስወርድ ሁልጊዜ እንደሚሉት ደህና እደሪ ጓለይም አላሉኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ዝም በይ ቢሉኝ ዝም እንደምል አውቅ ነበርና።

በማግስቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ክራቫታቸውን አሳምረው አስረዋል፤ ዓይናቸው ግን እንቅልፍ አላየም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያወጣሽው አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ አብረን እንገባለን አሉኝ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም፣ እርስዎ ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። አይሆንም አሉ።

"ያየሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ትናገሪያለሽ። ሲያጥርሽ እኔ አሟላለሁ።"

ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ ዛሬ ሁሉንም አላስታውሰውም። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፤ ስምንት ነው ግን ሁለት ለማለት ኤይት፣ ባት ቱ አልኩ፤ ዶክተር ኢንግሪድ ምንም አልገባትም። ጋሽ ክፍሎም የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ከወረቀቷ ጎን አስቀመጡት። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው ብለው አሟሉልኝ። ዶክተር ኢንግሪድ ሰዓቱን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችን። ደረቅ ቅጠል መኪኖቹ ላይ እየወደቀ ነበር። ለስብሰባው የላክሁትን ዛሬውኑ መልሼ እወስደዋለሁ አለች፤ ድምፅዋ ደስ አይልም ነበር። የኔን ቋሚነት ያን ሰሞን ማንም አላነሳውም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጋሽ ክፍሎምን ብቻ ጡረታህን ታራዝማለህ ወይ አለቻቸው። አራዝማለሁ አሉ። ማታ ለእህታቸው ደውለው ስሜ ቀርቷል እንዳሏት የሰማሁት ቆይቶ ነው።

ሙከራውን በበረዶው ወራት ደገሙት። ያልሞቀውን ሴረም ያወጣሁት እኔው ነኝ። ውጤቱ እስኪበቅል ስንት በረዶ ጣለ፣ ስንት መኪና ተጎተተ። በረዶው ሲሟሟ ሳህኖቹ ታዩ። አንቲቦዲ ብቻውን ይሠራል፤ ያ እውነት ነው። ሕያው አሟይ ሲጨመርበት ግን ይበልጥ ሠርቷል። በሽታ ነክቷት ከማታውቅ ጥጃ የተወሰደው፣ አሟይ ኖሮት አንቲቦዲ የሌለው ሴረም ደግሞ ባክቴሪያውን ወደ ሴሎቹ አስገብቶ በሰላም አኑሮታል። ጋሽ ክፍሎም በሳህኑ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ጎታቹ ቲኬት ሲያይ ጎበዝ ነው፣ ቲኬት ካላየ ሌባውን ቤቱ ያደርሳል አሉ። ዶክተር ኢንግሪድ የመኪናውን ታሪክ ስለማታውቅ ምን እያላችሁ ነው አለች፤ ሁለታችንም ስቀን ሳንነግራት ቀረን።

የጥናቱ ወረቀት ቆይቶ ታተመ፤ የጋሽ ክፍሎም ስም ሦስተኛ ላይ አለ፤ በአንድ ኤል። ባለቤታቸው በፍሬም አድርገው ሳሎን ውስጥ ከማርያም ሥዕል ጎን ሰቀሉት። ዶክተር ኢንግሪድ የኔንም ስም ከምስጋናው ውስጥ ላስገባ ብላ ነበር፤ አፍሬ እምቢ አልኩ። ጋሽ ክፍሎም አንድ ጊዜ የተቆጡኝ በዚህ ነው፤ ያኔ ያልተቆጡኝን ጨምረው ተቆጡኝ። ቋሚነቴ በዚያው ሰመር መጣ። ያ ስህተት ከቤቱ አልወጣም፤ ቀልድ ሆኖ ቀረ። ጋሽ ክፍሎም ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰዓት የሚባል ነገር በተነሳ ቁጥር ያንኑ ጥያቄዬን መልሰው ይጠይቁኝ ነበር። ዶክተር ኢንግሪድ ሳትቀር ስብሰባ ስትጠራ ወደኔ ዞር ብላ ሃበሻ ኦር ፈረንጅ ትላለች፤ ሀ ላይ ትንፋሿ ያጥራታል።

ከዚያ ማስኩ መጣ። ማዕዘኑ ባዶ ሆነ፤ ሽማግሌውን ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ላቦራቶሪው በፈረቃ ሆነ። ጋሽ ክፍሎም ሆስፒታል ገቡ ተባለ፤ ጠያቂ አይገባም። ነርሷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ትይዝላቸዋለች፤ እኔ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ቆሜ አወራቸዋለሁ። ድምፃቸው ከሩቅ ነበር የሚመጣው። ያን ዘፈን በመጨረሻ ጠየቅኳቸው። ሴትዮዋ ምን እያለች ነው የምትዘፍነው አልኳቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ለመጠየቅ ነው የተቀመጥሽው ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ነርሷ ይበቃዋል አለች። ነገ ይንገሩኝ፣ ነገ በሁለት ሰዓት እደውላለሁ አልኳቸው። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ዘፈኑ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን የሰማ ከእኛ ሰው የለም። ለኔ የቀረችልኝ ያቺ ጥያቄያቸው ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሰዓት አንድ ብቻ የነበራቸው ሰው፣ ስልኩ ሊዘጋ ሲል፣ ቀስ ብለው፦

"ጓለይ፣ በሀበሻ ነው በፈረንጅ?"